እናታችንን ሁለት ጊዜ ለምን ይከፍቷታል?

የጠያቂያችን ጥያቄ፦ «እናታችን 64 ዓመቷ ነው። ከእኛ ጋር ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። ታህሳስ ላይ ሳል አልለቅ ብሏት ሲቲ ስካን ሲያነሷት ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ስር አብጧል አሉን። ከልብ አጠገብ ያለው ያኔ 5.5 ሴንቲ ሜትር ነበር፣ አሁን ሰኔ ላይ 5.7 ሆኗል። ከላይ የሚታጠፈው 4.9 ነው፣ በጀርባ በኩል የሚወርደው ደግሞ 6.4። ሐኪሙ ሁለት ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል፣ መጀመሪያ ደረቷ ከፊት ይከፈታል፣ ከዚያ ከወራት በኋላ ሁለተኛው ይሠራል አለን። እሷ ግን ምንም አያማትም። ድምፅዋ ብቻ ከሁዳዴ ጀምሮ ጎርንኗል፣ እሱም ብርድ ነው። የጎረቤታችን አባት ይሄው በሽታ ነበረባቸው፤ በብሽሽታቸው በኩል ስቴንት ገብቶላቸው በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ገቡ። ለእሷ ለምን እንደዚያ አይሆንም? ካልሆነስ አንዴ ተከፍቶ አያልቅም ወይ? ሽባ ልትሆን ትችላለችም ብለውናል። እንዳትደነግጥ ብለን ለእሷ ‹ትንሽ እብጠት ናት› ነው ያልናት። መስከረም ላይ የአባታችን ሙት ዓመት ስላለ፣ አዲስ አበባ ደርሳ ትመለስና ከዚያ ይሠራላት እያልን ነው። በነገራችን ላይ ወንድሟ በ47 ዓመቱ በድንገት ነው የሞተው፣ ግን እሱ በልብ ነው ተብሏል።»

«ምንም አያማትም» ካሉ በኋላ «ድምፅዋ ብቻ ጎርንኗል» ብለዋል። ከጥያቄዎ ሁሉ እኔን ያስደነገጠችኝ ይቺ መስመር ናት። ብርድ ከሁዳዴ እስከ ሰኔ ድምፅ ይዞ አይቆይም።

የግራውን የድምፅ አውታር የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ አካሄዱ ጠመዝማዛ ነው። ከአንገት ወርዶ ደረት ውስጥ ይገባል፣ አኦርታ፣ ማለትም ያ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ስር፣ በሚታጠፍበት ቅስት ስር ይዞራል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ጉሮሮ ይወጣል። ቅስቱ ወይም ከእሱ ቀጥሎ ያለው ክፍል ሲያብጥ ይሄን ነርቭ ይወጥረዋል፣ ድምፅም ይጎረንናል። ሳሉም ከዚያው ሊሆን ይችላል፤ ያበጠው ቧንቧ የግራውን የአየር ቧንቧ ሲጫን ያስላል። ሌላ ምክንያትም ሊኖር ስለሚችል የጉሮሮ ሐኪም በቀጭን ካሜራ ገብቶ የግራው የድምፅ አውታር መንቀሳቀሱን ይይ። የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። የማይንቀሳቀስ ከሆነ እናትዎ «ምልክት የሌላቸው ታካሚ» አይደሉም። ምልክት ማሳየት የጀመረ አኒዩሪዝም (የደም ስር እብጠት) ላይ ደግሞ ስለ ሴንቲ ሜትር ክርክር የለም። ይሄን ነገር ቀጠሮ ሳይጠብቁ፣ ዛሬውኑ ለቀዶ ሐኪሙ ቢሮ ደውለው ይንገሩ።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ከ5.5 ወደ 5.7 መሄዱ አስጨንቋችኋል፤ እኔ በዚያ አልጨነቅም። ቧንቧው ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ የሚለካው ሰው መስመሩን ትንሽ ካዘነበለው ሁለት ሚሊ ሜትር በቀላሉ ይመጣል። ልብ በመታች ቁጥርም ስሩ ስለሚወዛወዝ ምስሉ ይደበዝዛል። ፈጣን እድገት የምንለው በአንድ ዓመት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሲጨምር፣ ወይም ሁለት ዓመት በተከታታይ በየዓመቱ 3 ሚሊ ሜትር ሲጨምር ነው። እዚህ ላይ የሚያሳስበው አሁን ያለበት መጠን ራሱ ነው። ጤነኛ አኦርታ ከልብ አጠገብ ከ3 እስከ 3.5 ሴንቲ ሜትር፣ ጀርባ ላይ ደግሞ 2.5 ገደማ ነው። የእናትዎ የጀርባው ክፍል ከሁለት እጥፍ አልፏል። ፊኛ ሲነፋ ያስተውሉ፤ በሰፋ ቁጥር ላስቲኩ ይሳሳል፣ የሚወጥረው ኃይል ግን ይጨምራል። ቧንቧውም እንደዚያ ነው።

በደረት ውስጥ ላለ አኦርታ፣ ከፊትም ሆነ ከጀርባ፣ ቀዶ ሕክምና በተለምዶ የሚመከረው 5.5 ሲደርስ ነው። በ2022 የወጣው የአሜሪካ የልብ ማኅበራት መመሪያ ልምድ ባለው ቡድን እጅ ከሆነ ከልብ አጠገብ ያለውን 5.0 ላይም መሥራት ይቻላል ይላል። እናትዎ በሁለቱም ቦታ መስመሩን አልፈዋል። የየል ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ብዙ ታካሚዎችን ለዓመታት ተከታትለው ያገኙት ነገር አለ፦ 6 ሴንቲ ሜትር ያለፈ የደረት አኦርታ ካልተሠራ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የመፈንዳት፣ ግድግዳው የመተርተር ወይም የመሞት እድሉ ከመቶ 15 ገደማ ነው። ይሄ የአንድ ዓመት ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይቆጠራል።

መድኃኒትን በተመለከተ ባይጠይቁኝም ልበል፣ ምክንያቱም ቀጣዩ ጥያቄ እሱ ነው። ያበጠውን የሚያኮማትር ኪኒን የለም። ሜቶፕሮሎልም ሆነ ሎሳርታን የሚሰጠው ግፊቱን ከ130 በ80 በታች አውርዶ ጊዜ ለመግዛት ነው። የደም ግፊት ኪኒን ደግሞ ለጾም ተብሎ አይታለፍም፣ ጠበል ሲጠመቁም አይቆምም። ቄሱም ቢጠየቁ መድኃኒትሽን ተይ አይሉም። በተለይ ሜቶፕሮሎልን በድንገት ማቋረጥ ግፊቱን ወደ ላይ ሊያስፈነጥረው ይችላል።

የጎረቤትዎ አባት ጉዳይ። የእሳቸው እብጠት ሆድ ላይ ወይም በጀርባው ክፍል ብቻ የነበረ ይመስለኛል፤ በሦስት ቀን ቤት የሚያስገባው እሱ ነው። ስቴንት ማለት በብረት መረብ የተደገፈ የጨርቅ ቱቦ ነው። ተጣጥፎ በብሽሽት ይገባል፣ እቦታው ሲደርስ ይከፈታል። እንዲይዝ ግን ከእብጠቱ በላይም ከታችም ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጤነኛ ቧንቧ ያስፈልገዋል። እናትዎ ከላይ ያ ጤነኛ ቦታ የላቸውም። እብጠቱ ከልብ ጀምሮ ነው። በቅስቱ ላይ ደግሞ ወደ ጭንቅላትና ወደ እጅ የሚሄዱ ሦስት ትልልቅ ቧንቧዎች ይነሳሉ። ስቴንቱን ዝም ብሎ እዚያ መክፈት የአንጎልን የደም መንገድ መዝጋት ነው። ለቅስቱ የተሠሩ ቅርንጫፍ ያላቸው ስቴንቶች መጥተዋል፤ ለአንዳንድ ሰው እሰየው ናቸው። እነሱም ቢሆኑ የሚይዙት ከቅስቱ በፊት ባለው ክፍል ላይ ነው፣ የእናትዎ ያ ክፍል 5.7 ነው። እየፈረሰ ባለ የጭቃ ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታት ይሆናል።

እዚህ ላይ የአጎትዎ ነገር ይመጣል። በ47 ዓመቱ በድንገት የሞተ ሰው ሁሉ «በልብ ነው» ይባላል። አስከሬን ካልተመረመረ የፈነዳ አኦርታና የልብ ድካም (ሃርት አታክ) ከውጭ አይለዩም። የደረት አኒዩሪዝም ካለባቸው ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ቤተሰብ ውስጥ ሌላ ሰው አለው። ስለዚህ ለሐኪሙ «አጎቴ በልብ ሞተ» ሳይሆን «የእናቴ ወንድም በ47 ዓመቱ በድንገት ሞተ፣ ምክንያቱ አልተመረመረም» ብለው ይንገሩት። ይሄ የዘረመል ምርመራ ያሳዝዛል። እንደ ማርፋን ወይም ሎይስ ዲትዝ ያለ፣ በዘር የሚተላለፍና የቧንቧውን ግድግዳ የሚያላላ ችግር ከተገኘ ብዙ ነገር ይለወጣል፦ ቀዶ ሕክምና የሚመከርበት መጠን ዝቅ ይላል፣ ስቴንትም የመጀመሪያ ምርጫ መሆኑ ይቀራል። በተፈጥሮው የላላ ግድግዳ ላይ ሁልጊዜ ወደ ውጭ የሚገፋ ብረት ማስቀመጥ በጊዜ ብዛት እዚያው ሌላ እብጠት ያመጣል።

«አንዴ ተከፍቶ አያልቅም ወይ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው ደረት አሠራር ላይ ነው። አኦርታ ከልብ ወደ ላይ ይወጣል፣ እንደ ከዘራ እጀታ ይታጠፋል፣ ከዚያ የጀርባ አጥንትን ተደግፎ ይወርዳል። የመጀመሪያው ክፍልና ቅስቱ የሚገኙት ከፊት፣ የደረት አጥንት ተከፍቶ ነው። የሚወርደው ክፍል ግን ከልብና ከሳንባ ኋላ ነው፤ እሱን በሚገባ የሚያገኙት በግራ ጎን፣ በጎድን አጥንቶች መሃል ገብተው ነው። ሁለት በር ያለው ቤት ነው። ደረትን ከግራ እስከ ቀኝ በአንድ ረጅም ቀዳዳ ከፍተው ሁሉንም በአንድ ቀን የሚሠሩ ቀዶ ሐኪሞች አሉ፣ በጥሩ ውጤትም የሠሩ አሉ። ግን ሰዓቱ ይረዝማል፣ ደሙ ይበዛል፣ ሳንባ ይጎዳል። ለእናትዎ እኔ አልመክረውም።

ሐኪሙ ያሰበው «የዝሆን ኩንቢ» የሚባለውን ዘዴ ይመስለኛል። ስሙ ያስቃል፣ ሐሳቡ ግን ግሩም ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በጀርመን ሃኖቨር ሃንስ ቦርስት የተባለ ቀዶ ሐኪም ነው ያመጣው። በመጀመሪያው ቀን ከልብ አጠገብ ያለው ክፍልና ቅስቱ ተቆርጠው ይወጡና በዳክሮን ቱቦ ይተካሉ፤ ዳክሮን ያው የምንለብሰው ፖሊስተር ነው። ሦስቱ የጭንቅላትና የእጅ ቧንቧዎች ከቱቦው ጋር ይሰፋሉ። ከዚያ የቱቦው ጫፍ እዚያ አይቆረጥም፤ ትርፉ ባበጠው የጀርባ ክፍል ውስጥ እንደ ኩንቢ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የሁለተኛው ኦፕራሲዮን ቀን ሲመጣ ቀዶ ሐኪሙ ጠባሳ የያዘውን ቅስት እንደገና መነካካት አይኖርበትም። ያቺን የተንጠለጠለች ቱቦ ይይዝና ከእሷ ይቀጥላል። ወይም ደግሞ፣ ለእናትዎ ተስፋ የማደርገው ይሄን ነው፣ በብሽሽት የሚገባ ስቴንት ኩንቢው ውስጥ ይያዛል። ከላይ ያጣነው ጤነኛ መያዣ ቦታ በራሳችን እጅ ተሠራ ማለት ነው። የጎረቤትዎ አባት ያገኙት ሕክምና ለእናትዎም ይደርሳል፤ ግን ሁለተኛ ሆኖ እንጂ አንደኛ ሆኖ አይደለም።

«ፍሮዝን» የሚባል ሌላ ዓይነት ኩንቢም ይነግሯችሁ ይሆናል። ከመቀዝቀዝ ጋር አይገናኝም። የሚንጠለጠለው ክፍል ራሱ በብረት መረብ ተደግፎ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ነው። እብጠቱ ጀርባ ላይ አጭር ከሆነ አንዳንዴ በአንድ ቀን ይጨርሳል። የእናትዎ ረጅም ከሆነ ግን ሁለተኛ ሥራ አይቀርም። ወደ ታች በረዘመ ቁጥርም ለህብለ ሰረሰር ያሰጋል። ምርጫውን ሲቲውን ለሚያየው ሐኪም ይተዉለት።

ከዚህ ሁሉ ቤተሰብ የሚያስደነግጠው «ሰውነቷን አቀዝቅዘን የደም ዝውውሩን እናቆማለን» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ይቆማል። ቅስቱን ደም እየፈሰሰበት መስፋት አይቻልም። የልብና የሳንባ ማሽኑ ሰውነትን ወደ 24 ወይም 28 ዲግሪ ያወርደዋል፣ ያኔ ሕዋሶች የሚፈልጉት ኦክስጅን በጣም ይቀንሳል። አንጎል ግን ባዶውን አይተውም። በቀኝ ብብት ስር ባለ ቧንቧ በኩል ደም እየተላከለት ይቆያል። ቅዝቃዜን ለቅስት ቀዶ ሕክምና በ1975 ራንዳል ግሪፕ ካስተዋወቀው ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። ቢሆንም ስትሮክ አሁንም የዚህ ኦፕራሲዮን ዋና ስጋት ነው፤ ከመቶ አምስት ገደማ ሰው ላይ ይደርሳል። የሞት አደጋው ደግሞ ልምድ ባለው ቦታ፣ በቀጠሮ ለሚሠራ ሰው፣ በግምት ከመቶ ከ5 እስከ 10 ነው። ይሄ ትንሽ ቁጥር አይደለም። ግን ከፈነዳ በኋላ ካለው ጋር አይወዳደርም። ደረት ውስጥ አኦርታው ከፈነዳበት ሰው አብዛኛው ሆስፒታል አይደርስም።

ሽባነቱን ለብቻው ላስረዳ፣ ሰው ሁሉ የሚፈራው እሱን ስለሆነ፣ በትክክልም ስለሚፈራው። ህብለ ሰረሰር ደም የሚያገኘው ከአንድ ቦይ አይደለም። ከላይ ከአንገት፣ ከመሃል በጎድን አጥንቶች ስር ከሚወጡ ትንንሽ ስሮች፣ ከታች ደግሞ ከዳሌ ይመጣለታል። የመሃሎቹ የሚነሱት ካበጠው የጀርባ አኦርታ ላይ ነው። ያንን ክፍል ስንተካው ወይም በስቴንት ስንሸፍነው ይዘጋሉ። እንደ መስኖ ማሳ ያስቡት፦ መሃሉን ቦይ በአንድ ጀንበር ከዘጉት አዝመራው ይጠወልጋል፤ ጊዜ ከሰጡት ግን ከላይና ከታች ያሉት ቦዮች እየሰፉ ውኃውን ያካክሱታል። ሥራውን ለሁለት መክፈል አንዱ ጥቅሙ ይሄ ነው። እናንተ እንደ ቅጣት ያያችሁት ሁለተኛ ቀጠሮ ለእግራቸው መከላከያም ነው።

በሁለተኛው ኦፕራሲዮን ቀን ወገባቸው ላይ ቀጭን ቱቦ ሊገባ ይችላል። እኛ ዘንድ ወገብ መወጋት ክፉ ስም አለው፣ «ሽባ ያደርጋል» ይባላል። እዚህ ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ቱቦዋ በህብለ ሰረሰር ዙሪያ ያለውን ፈሳሽ እያፈሰሰች ጫናውን ትቀንሳለች፣ ደም እንደልቡ ይገባል። በ2002 የሂዩስተን ሐኪሞች ታካሚዎችን በእጣ ለሁለት ከፍለው ሞክረውታል። ትልቁን የደረትና የሆድ ኦፕራሲዮን ካደረጉት ውስጥ ቱቦው ያልገባላቸው ከመቶ 13ቱ እግራቸው ሲደክም ወይም ሽባ ሲሆኑ፣ የገባላቸው ከመቶ 3 እንኳን አልሞሉም። እዚያው ሂዩስተን የቀዶ ሐኪሙ የጆሴፍ ኮሴሊ ቡድን በ2016 ያወጣው የ3,309 ኦፕራሲዮኖች ዘገባ አለ። ይሄ በግራ ጎን ተከፍቶ የሚሠራው ትልቁ ዓይነት ነው። ከመቶ ሰባት ተኩል ገደማ ሞተዋል፣ ለዘለቄታው ሁለት እግራቸው ሙሉ በሙሉ ሽባ የሆኑት ከመቶ ሦስት ገደማ ናቸው። ይሄ በዓለም ላይ ብዙ ከሠሩት እጆች የወጣ ውጤት ነው። በዓመት ሁለትና ሦስት ከሚሠራ ሆስፒታል ተመሳሳይ አይጠብቁ። ለዚህ ነው «እዚህ ቦታ በዓመት ስንት ትሠራላችሁ? ስንቶቹ በስትሮክና በሽባነት ወጡ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የማይሆነው። ጥሩ ቀዶ ሐኪም አይቀየምም። ከተቀየመ ሌላ ሐኪም ይፈልጉ።

እሳቸው «አርጅቻለሁ፣ ተዉኝ» ካሉ ደግሞ አንድ ሰው ይጥቀሱላቸው። ማይክል ደቤኪ ይባላል። በ1950ዎቹ የመጀመሪያዎቹን የዳክሮን ቱቦዎች በሚስቱ የልብስ ስፌት መኪና የሰፋ፣ የዚህ ሙያ አባት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006፣ በ97 ዓመቱ፣ የራሱ አኦርታ ተተርትሮ በራሱ ዘዴ ተሠራለት። ማገገሙ ወራት ፈጀ፣ ቀላል አልነበረም፤ ግን ተነስቶ ሥራውን ቀጠለ። የሞተው 100 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው። 64 ዓመት ለዚህ ሕክምና ዕድሜ አይደለም። የሚወስነው ሳንባ፣ ኩላሊትና ልብ ነው።

አሁን ወደ መስከረም። አይሄዱም። የሙት ዓመቱን ነገር አውቃለሁ፣ የሚያስከፋ መልስ መሆኑንም አውቃለሁ። አውሮፕላኑ አይደለም ያስፈራኝ። ያስፈራኝ ነገሩ በረራ ላይ ወይም አዲስ አበባ ላይ ቢፈነዳ፣ በዚያ ሰዓት ይሄን ያህል ሰፊ ኦፕራሲዮን የሚሠራ ዝግጁ ቡድን አጠገባቸው አለመኖሩ ነው። በቀጠሮ እንኳን ለእንዲህ ያለው ነገር ከአገር ቤት ወደ ሕንድ ወይም ሌላ አገር ነው የሚኬደው። ሙት ዓመቱን እርስዎ ወይም ወንድምዎ ሄዳችሁ አውጡ፣ እሳቸው እዚያው ካሉበት ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሱ።

ከመጀመሪያው ኦፕራሲዮን በኋላም ተመሳሳይ ነው፣ እንዲያውም የበለጠ። በዚህ ሕክምና ውስጥ ብዙ ሰው የሚጠፋበት ቦታ መሃሉ ነው። ሰውየው አገገመ፣ ቁስሉ ደረቀ፣ «ከዚያ ሲኦል መልሳችሁ አትክተቱኝ» አለ፣ ቤተሰቡም አዘነለት፣ ቀጠሮው ተራዘመ። ያልተሠራው የጀርባ ክፍል ግን አልደረቀም። በትልልቅ ማዕከላት ዘገባዎች ውስጥ ሁልጊዜ የሚታይ ነገር ነው፦ ከፊሉ ለሁለተኛው ሳይመለስ ይቀራል፣ ከእነሱም ብዙዎቹ በዚያው ይሞታሉ። የእናትዎ ትልቁ እብጠት ደግሞ በመጀመሪያው ቀን የማይነካው ነው፣ 6.4 የሆነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ሳይሠራ በፊት የሁለተኛው ቀን በካላንደር ላይ ይጻፍ። ብዙ ጊዜ ከ6 ሳምንት እስከ 3 ወር ባለው ነው፤ ስቴንት ከሆነ ከዚያም ሊያጥር ይችላል። ለመጀመሪያው ብቻ ፈርሞ ሁለተኛውን «እናያለን» ማለት ግማሽ ድልድይ ሠርቶ መሄድ ነው።

«ትንሽ እብጠት ናት» ያላችሁትን ዛሬ አስተካክሉ። ከአሳቢነት እንደሆነ ይገባኛል፤ እኛ ዘንድ መርዶም በጠዋት፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ግን ኦፕራሲዮኑን የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ያለ ቀዶ ሐኪም ታካሚው ያላወቀውን ነገር አይሠራም። ደግሞም አስቡት፦ ትንሽ እብጠት ነው ብለው የገቡ እናት አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ አፋቸው ቱቦ ገብቶበት ሲነቁ ማንን ያምናሉ? ሁለተኛውንስ ኦፕራሲዮን እሺ ይላሉ? አንዴ የተዋሸ ሰው ለሁለተኛ አይመለስም። ሲነግሯቸው እርስዎ አያስተርጉሙ። ልጅ ሲያስተረጉም ያለሰልሳል፣ የሚከብደውን ይዘላል። ሆስፒታሉ የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ በስልክም ቢሆን። ቀጠሮ ሲያስይዙ ይጠይቁ።

እስከዚያ ድረስ ጥቂት ነገር ይጠንቀቁ። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሰዉ ሲፕሮ የሚላት፣ አይስጧቸው። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2018 መጨረሻ አኒዩሪዝም ያለባቸው ሰዎች ሌላ አማራጭ እያለ ይሄን የመድኃኒት ቤተሰብ እንዳይወስዱ አስጠንቅቋል፤ ሌቮፍሎክሳሲንም እዚያው ውስጥ ነው። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣች ሲፕሮ በየቤቱ አለችና ነው ይሄን የምለው። ከባድ ዕቃ አያንሱ፣ የልጅ ልጅም ቢሆን አይሸከሙ። ሆድ ድርቀት ካለባቸው ይታከም፤ ማማጥ ግፊቱን ሽቅብ ያወጣዋል። ጥርሳቸውን ከኦፕራሲዮኑ በፊት ያሳዩ፤ ከተመረዘ ጥርስ የሚነሳ ጀርም አዲሱ ቱቦ ላይ ከሰፈረ መዘዙ ከባድ ነው። ድንገት በደረታቸው ወይም በሁለት ትከሻቸው መሃል የሚቀድ ዓይነት ሕመም ከመጣ፣ ራሳቸውን ከሳቱ ወይም እግራቸው ከዛለ 911 ይደውሉ። የመጀመሪያው ቃልዎ «የደረት አኦርታ አኒዩሪዝም አለባት» ይሁን። ድንገተኛ ክፍል እንደ ልብ ድካም አይቶ ደም ማቅጠኛ ከሰጣቸው ነገሩ ይበላሻል። የሲቲውን ውጤት በወረቀት ቦርሳቸው ውስጥ ያስቀምጡ።

ምክሬን በግልጽ ላስቀምጥ። የታቀደው ሁለት ደረጃ ሕክምና ትክክል ነው፣ ተቀበሉት። የመጀመሪያው ክፍት ይሁን፦ ከልብ አጠገብ ያለው ክፍልና ቅስቱ ተተክተው ኩንቢው ይቀመጥ። የድምፁ ነገር ከተረጋገጠ በሳምንታት ውስጥ ይሠራ፣ ለመስከረም አይቆይ። ሁለተኛው፣ እብጠቱ ወደ ሆድ ዕቃ የሚሄዱ ቧንቧዎች ከመነሳታቸው በፊት የሚያልቅ ከሆነና የዘረመል ምርመራው ችግር ካላሳየ፣ በብሽሽት በስቴንት ይሁን። ከዚያ በታች ከወረደ ወይም ምርመራው ችግር ካሳየ፣ በግራ ጎን ተከፍቶ ይሠራ፤ ያንን ደግሞ ብዙ ከሚሠራ ማዕከል ውጭ አይስማሙ፣ ሌላ ስቴት መሄድ ቢጠይቅም። በስቴንት ካለቀ በየዓመቱ ሲቲ መነሳት ዕድሜ ልክ ነው። ስቴንት ይንሸራተታል፣ በጎኑም ደም ሊያሾልክ ይችላል፤ ይሄን ከአሁኑ ይወቁት።

አንድ ያልጠየቁኝ ነገር። እርስዎ፣ ወንድሞችዎና እህቶችዎ፣ እንዲሁም የሟቹ አጎትዎ ልጆች ሁላችሁም የልብ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነሱ። ኢኮ የሚያየው በዋናነት ከልብ አጠገብ ያለውን ክፍል ነው፤ ስለዚህ የእናትዎ የዘረመል ውጤት ችግር ካሳየ ወይም ኢኮው ላይ የሚያጠራጥር ነገር ከታየ ሲቲ ወይም ኤምአርአይ ይጨመራል። ከእህቶችዎ መካከል ልታረግዝ ያሰበች ካለች የመጀመሪያዋ ተመርማሪ እሷ ትሁን፣ እርግዝና የላላን አኦርታ ይፈትነዋል። አጎትዎ አገር ቤት የቀሩ ልጆች ካሏቸው መስከረም ላይ ሙት ዓመቱን ልታወጡ ስትሄዱ ይዛችኋቸው ሂዱና አስነሷቸው፤ ኢኮ አዲስ አበባ ውስጥ ይሠራል።